ክብሪቱን ያልመረጠችው ተማሪ

ንዴቴ ገና አልበረደም። ሰው ሁሉ “ሲስተር፣ ተይው በቃ፣ ልጅቷ አለፈች አይደል?” ይለኛል። ማለፏን መች አጣሁት። እንዴት እንዳለፈች ነው አንጀቴን የሚያሳርረው። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ነርስ ነበርኩ፤ አሁን ነርሶች አስተምራለሁ። የማስተምርበት የግል ጤና ኮሌጅ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ቅርንጫፍ አለው። እኔ ሰበታ ነኝ። ዋናው ቢሮ፣ ዲኑም፣ ማኅተሙም ያሉት ቡራዩ ነው። ሦስቱ ከተሞች ካርታ ላይ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። ከአንዱ ወደ አንዱ ልሂድ ያለ ሰው ግን አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት አለበት፤ ቀኑ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ቡራዩ ስብሰባ ተጠራ ሲባል ገና ከቤት ሳልወጣ ይደክመኛል።

የዚያን ቀን ስብሰባ የተጠራው፣ ከእንግዲህ የማጠቃለያ ፈተና በኮምፒውተር ነው ሊሉን ነው። ዲኑ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ መድረክ ላይ ወጣና፣ “ተማሪው ጨርሻለሁ ብሎ ሲልክ ውጤቱ እዚያው ይወጣል። ማሽን ወገን የለውም። ማሽን አይደክመውም። ማሽን ዘመድ የለውም” አለ። ተጨበጨበ። እውነቴን ነው፣ ደስ ያላለው መምህር አልነበረም። የፈተና ወረቀት ቆልሎ ያረመ ሰው ያውቀዋል፤ ዓይን ይጠፋል፣ ወገብ ይቆረጣል፣ ቅዳሜና እሁድ የሚባል ነገር ይረሳል።

ቀጥሎ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ተነሳ። ጎልማሳ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚዞር። ማሽኑ የትኛውን ጥያቄ እንደሚያርም ነገረን። እውነት ሐሰት ያርማል። ምርጫ ያርማል። አዛምድም ያርማል። ባዶ ቦታ ሙላም መልሱ አንድ ቃል ከሆነ ያርማል። “አብራራ የሚለውን ግን አያርምም። እሱን መምህሩ ራሱ ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት” አለ።

“ታዲያ እናነባለና” አልኩ። እኔ አፌ አያርፍም፤ እናቴም ትለኝ ነበር።

ዲኑ ከመድረኩ ሳቅ አለ። “ሲስተር፣ ውጤት እዚያው ይወጣል ብለን ካስተዋወቅን በኋላ እናንተ ወረቀት ስታነቡ ተማሪ ሊጠብቅ ነው? ማሽኑ የማያርመው ጥያቄ ይቅር” አለ። ቀረ። በአንድ ቃል ቀረ።

እኔ በየፈተናው መጨረሻ የማስቀምጣት አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ። አንድ በሽተኛ በቃሬዛ ይዘው መጡ እልና ሁኔታውን እጽፋለሁ፤ ከሥሩ፣ “ምን ታደርጊያለሽ? ለምን?” እላለሁ። ሸምዳጁና ያወቀው የሚለየው እዚያች “ለምን?” ላይ ነው። ነገ ሰው የሚያድነውንና ሰው የሚገድለውን የማየው እዚያ ነው። ሚዛኑ ወተት አይመዝንም ተብሎ ልጅ ወተት ይቅርበት ይባላል? እነሱ ግን አሉ፣ ተጨበጨበም።

ከጎኔ የሱሉልታው አዛውንት መምህር ተቀምጠው ነበር። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ መምህሩም ተማሪውም “ኦቦ” ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን በጤና ጣቢያ የጨረሱ ነርስ ናቸው። የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ የሚባለውን ትምህርት እኛ በየቅርንጫፋችን ብናስተምረውም፣ ፈተናውን ለሁላችንም የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ሲያወጡም በለመዱት በድሮው መንገድ ነው፤ ሦስት ምርጫ ይጽፉና አራተኛው ላይ ሁለቱን ያጣምራሉ። እዚህ አገር ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ “ኤ ኤንድ ሲ” የሚለውን። ተማሪዎችም ለዚህ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ያጣመረውን ካየህ አትለፈው ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣቸዋል።

ኦቦ ንዴቴን አይተው ክንዴን ነካ አደረጉኝና፣ “ሜ፣ እባክሽ ተዪው ልጄ፣ እስቲ እናየዋለን” አሉኝ።

ከዚያ ኃላፊው የመጨረሻውን ብሥራት ነገረን። ኩረጃን ለማጥፋት ማሽኑ ምርጫዎቹን ለእያንዳንዱ ተማሪ ያቀያይራል። ለአንዱ ኤ ላይ የወጣው ለጎረቤቱ ዲ ላይ ይወጣለታል፤ ስለዚህ አንገት ማስገግ ዋጋ የለውም። ይሄ ከሁሉም በላይ ተጨበጨበለት። የድሮዎቹን የኦቦን ጥያቄዎች የቢሮው ጸሐፊ እንዳሉ ወደ ማሽኑ ገለበጠቻቸው። “ኤ ኤንድ ሲ” የሚል ምርጫ ፊደሎቹ ሲቀያየሩ ምን እንደሚሆን ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው አንድም ያሰበ አልነበረም።

አሁን ስለ ልጅቷ ልንገራችሁ። ክፍል ውስጥ ሁሉም እንደ ታላቅ እህት ነው የሚያያት። ከወላይታ በኩል መጥታ ሰበታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ከፈረቃዋ ወጥታ ነው ክፍል የምትገባው። እሁድ እሁድ ቸርች ትዘምራለች። ስታስነጥስ እንኳ ይቅርታ የምትጠይቅ ዝምተኛ ናት፤ ጥያቄ ሲመጣ ግን ሳይገባት አታልፍም።

ለምን ነርስ መሆን እንደፈለገች ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ነግራኛለች። ፋብሪካው ውስጥ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ በሚጥል በሽታ ማሽኑ አጠገብ ወደቀች። ሰው ተሰብስቦ እንደተለመደው፣ “ክብሪት! ክብሪት አሽቷት!” ተባለ። አንዱ ለኩሶ አፍንጫዋ ሥር አደረገ፤ የወደቀችው ከንፈር ተቃጠለ። ይቺ ዝምተኛ ያን ቀን ገፈታትራቸው ገባች፤ የክር ማጠንጠኛውን ከአጠገቧ አራቀች፣ የወደቀችውን በጎኗ አስተኛቻት፣ እስክትነቃ ድረስም አጠገቧ ቁጭ አለች። ማንም አላስተማራትም። የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ይሄን አይታ፣ “አንቺ ልጅ፣ ተማሪ” አለቻት። ተማረችም።

ያቺ ነርስ ዘንድሮ ሥራ ልትለቅ ነው። ፋብሪካው ደግሞ፣ ዘንድሮ የሆስፒታል ልምምድ ከገባሽ የክሊኒኩ ረዳትነት ቦታ ያንቺ ነው ብሏታል። ልምምድ የሚገባው ይሄን የእርዳታ ትምህርት ያለፈ ብቻ ነው፤ ትምህርቱ ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። ከወደቀች ዓመት ጠብቃ መድገም ነው፤ እስከዚያ የክሊኒኩ ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እሷም ወደ ክሯ። ፈተናው ለእሷ ይሄ ነበር።

የፈተናው ቀን የትምህርቱ መምህር ወደ ፈተና ክፍል አይገባም ተብሎ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። የሚፈትነው ከቡራዩ የመጣው ኃላፊ ራሱ ነው። መጀመሪያ እየሳቀ የወጣው ከተፍኪ ከተማ የሚመጣ ተማሪዬ ነው። የገበሬ ልጅ ነው፣ ቀልደኛ፣ ደብተር የሚባል ነገር ይዞ አይቼው አላውቅም።

“አካም ጅርታ ሲስተር! ደፈንኩት ማለት ይቻላል” አለኝ።

“አንተ? በየት በኩል?”

“ፊደሉ ተደበላልቋል፤ ግን ምን ተዳዬ? ያጣመረውን እያየሁ ነካ፣ ያጣመረውን እያየሁ ነካ። ቶሎ አለቀ” ብሎ እየዘለለ ወረደ። ያኔ ነገሩ አልገባኝም። ጎበዝ ብዬ ሸኘሁት።

ሁሉም ወጥተው ካለቁ በኋላ እሷ አልወጣችም። ገብቼ ሳያት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ መውደቋን የሚናገር ቀይ ጽሑፍ አለ። ምንም አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

“ምን ሆንሽ? አጥንተሽ አልነበረም?”

“አጥንቻለሁ፣ ሲስተር። ፊደሉ አይገጥምም። እጄን አውጥቼ ነገርኳቸው፤ ‘ጥያቄውን በደንብ አንብቢ’ አሉኝ። በደንብ አነበብኩ። በደንብ በማንበቤ ነው መሰለኝ።”

ከዚያ ጥያቄውን አሳየችኝ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ልንገራችሁ። አንድ ሰው በሚጥል በሽታ ቢወድቅ ምን ይደረጋል ይላል። ኦቦ ሲያወጡት ኤ ላይ በጎኑ ማስተኛት፣ ቢ ላይ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ ሲ ላይ የሚጎዱትን ነገሮች ከአጠገቡ ማራቅ ብለው፣ ዲ ላይ “ኤ ኤንድ ሲ” ብለዋል። መልሱ ዲ ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። እሷ ጋ ግን ማሽኑ በውዞታል። ኤ ላይ ያለው ክብሪት ለኩሶ ማሽተት ነው። ሲ ላይ ያለው በጎኑ ማስተኛት ነው። “ኤ ኤንድ ሲ” የሚለው ምርጫ ቢ ላይ ሄዶ ቁጭ ብሏል።

“‘ኤ ኤንድ ሲ’ ብል ክብሪት አሸታለሁ ማለቴ ነው” አለች። “እንዴት ብዬ እመርጣለሁ?”

“ታዲያ ምን መረጥሽ?”

“በጎኑ ማስተኛት የሚለውን ብቻ። ሙሉ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ውሸት አይደለም።”

ከመልሷ አጠገብ ቀይ የኤክስ ምልክት አለ። ከሥሩ በአረንጓዴ፣ ትክክለኛው መልስ “ኤ ኤንድ ሲ” ነው ይላል። ክብሪት አሽቺ ነው የሚላት። የጤና ኮሌጅ ነው እንግዲህ ይሄ። ወደ ታች እየወረድን ሌሎቹን አየን፤ ያጣመረ ምርጫ ያለበት ሁሉ እንደዚያው ነው፣ የፈተናው እኩሌታ ማለት ይቻላል። አንብባ የመለሰችውን ሁሉ ጥሎባታል። ሳያነብ ያጣመረውን የነካው የተፍኪው ልጅ ግን ደፍኗል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፤ ኮራጅን ለመያዝ የወጠሩት ወጥመድ አንባቢዋን ያዛት። “ነይ ተነሺ፣ ሻይ እንጠጣ” አልኳት።

በማግስቱ ቡራዩ ሄድኩ። ኃላፊው ላፕቶፑን ከፍቶ ጥያቄውን አሳየኝ። እሱ ጋ ጥያቄው እንደ ኦቦ አወጣጥ ነው፤ ኤ ኤ ነው፣ ሲ ሲ ነው።

“ይኸው ሲስተር፣ መልሱ ‘ኤ ኤንድ ሲ’ ነው። እሷ ሌላ መርጣለች። ሲስተሙ አይሳሳትም።”

“አንተ የምታየውን እሷ አላየችም። እንደ ተማሪ ሆነህ ክፈተው” አልኩት።

እያቅማማ ከፈተው። ምርጫዎቹ ተበውዘው መጡ። አየው። ደግሞ ከፈተው፤ ሌላ ዓይነት ተበውዞ መጣ። ጭንቅላቱን አከከና፣ “ኧረ ይሄስ…” አለ። ደስ አለኝ፤ በቃ ገብቶታል አልኩ። እሱ ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ቢሆንም ሲስተር፣ ሲስተሙ ልክ ነው። የታዘዘውን ነው ያረመው” አለኝ።

ወደ ዲኑ ገባሁ። ዲኑ አዳመጠኝ፤ ይሄን አልክድም። አዳምጦ ሲጨርስ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ሲስተር፣ የሷን ከከፈትን የሁሉንም መክፈት ነው። ደስ ብሏቸው ቤታቸው የገቡት ልጆች ቢወድቁስ? ወላጆቻቸው ምን ይሉናል?”

“ክብሪት መርጠው ያለፉ ካሉ ይውደቁዋ!”

“ቀስ በይ። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል። አሁንም ጥፋት አለ ከተባለ የማሽኑ አይደለም፤ የጥያቄ አውጪው ነው። ለምን አጣምሮ ያወጣል? ኦቦ ጋ ሂጂና እሳቸውን ጠይቂ።”

አውቆ ነው። ያንን ሽማግሌ ፊት ለፊት ተሳስተዋል የሚል ሰው እንደማይገኝ ያውቃል። እሱንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እልህ ያዘኝና ወደ ቤቴ ልመለስ የነበርኩት ሴትዮ በአስኮ አድርጌ፣ ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ያዝኩ።

ሱሉልታ ሁልጊዜም ይበርደኛል። ኦቦ ቅርንጫፉ ግቢ ውስጥ በነጭ ጋውናቸው ላይ ጋቢ ደርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታው አላልቅ አለ፤ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። እኔ ደግሞ እንዴት እንደምጀምር ጨንቆኛል። በመጨረሻ ከልጅቷ ስክሪን ላይ ያነሳሁትን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ፣ “ኦቦ፣ ይሄ አንቱ ያወጡት ጥያቄ ነው። እስቲ ትክክለኛ መልስ የሚለውን ይዩት” አልኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ጣታቸውን ኤ ላይ አድርገው፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴው ወስደው፣ እንደገና ወደ ኤ መለሱት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

“እኔ ክብሪት አሽቱ አልኩ?” አሉኝ ቀስ ብለው።

“አንቱ አላሉም ኦቦ። ማሽኑ ነው።”

“በላዩ ያለው የኔ ጥያቄ ነው። ይሄን ክብሪት ስከለክል ነው ያረጀሁት። ገበያ ላይ ሰው ሲወድቅ ከእጃቸው እየቀማሁ፣ እየሰደቡኝ። አሁን በኔ ፈተና ክብሪት ያላሸተተች ወደቀች?” ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። “ልጅቷ ምን መረጠች?”

“በጎኑ ማስተኛት።”

“ብቻውን?”

“ብቻውን።”

“ዱጋዳ” አሉ፣ እውነቷን ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ፣ “ነገ ቡራዩ እንገናኝ” አሉኝ።

በማግስቱ ዲኑ ቢሮ ገባን። ኃላፊውም ተጠራ። ኦቦ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ለስለስ አሉ። “ይሄን አዲሱን ፈተና አይቼው አላውቅም፣ ልጄ። ዓይኔም ደክሟል። አንተ ተፈተንና እኔ ልይ” አሉት ዲኑን። ዲኑ ደስ አለው። ወንበሩን ለሳቸው ስቦ፣ ላፕቶፑን ወደሳቸው አዙሮ፣ እንደ ተማሪ ገባ። ያን ጥያቄ አስከፈቱት።

ዲኑ አንዴ አየት አደረገና “ኤ ኤንድ ሲ” የሚለውን ነካ። አረንጓዴ ምልክት ወጣ።

“ጎበዝ” አሉ ኦቦ። “አሁን ኤ ላይ ያለውን ጮክ ብለህ አንብብልኝ።”

“የሚጎዱትን ነገሮች ከአጠገቡ ማራቅ።”

“ጥሩ። ሲ ላይስ?”

“ክብሪት…” ብሎ ቆመ።

“ቀጥላ።”

“ክብሪት ለኩሶ ማሽተት” አለ ዲኑ።

“አንተን አሳልፎሃል፤ ልጅቷን ጥሏታል” አሉ ኦቦ። “እኔ ያስተማርኩህ እንዲህ ነው?”

ኃላፊው ጫማውን ያያል። ዲኑ ላቡን ጠረገና፣ ነገሩ ቴክኒካል ነው፣ በሲስተም ሽግግር ጊዜ የሚያጋጥም ነው፣ እንዲህ ነው እንዲያ ነው አለ። ሁለቱ ወደ ጥግ ሄደው ተንሾካሾኩ። ተመልሰውም መፍትሔ ተገኝቷል አሉን፤ ያጣመረ ምርጫ ላለባቸው ጥያቄዎች ሁሉ፣ ለሁሉም ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይሰጥ። ማንም አይወድቅም፣ ማንም አይጮህም።

“ልክ የመለሰውም፣ ክብሪት ያሸተተውም እኩል ሊያገኙ ነው?” አልኩ።

ኦቦ ግን ደክሟቸው ነበር። “ልጅቷ ልምምዱን ትገባለች?” ብለው ጠየቁ። ትገባለች አሉ። “እንግዲህ ለዛሬ ይበቃል” ብለው ተነሱ።

ታክሲ ስንጠብቅ፣ “ኦቦ፣ ክብሪቱ ኤ ወይ ሲ ላይ ባይወጣስ ኖሮ?” አልኳቸው። “እስኪወጣ ድረስ አስፈትነው ነበር” አሉኝ፤ በዚያ ቀን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ማታውን ኮሌጁ በቴሌግራም ማስታወቂያ አወጣ። ኮሌጁ ለተማሪዎቹ ካለው አሳቢነት የተነሳ የድጋፍ ነጥብ መጨመሩን በደስታ ይገልጻል ይላል። አሳቢነት! ድጋፍ! ሰው ገፍትሮ ጥሎ፣ ሲነሳ አቧራውን አራግፎለት፣ አመስግነኝ የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። ከሥሩ ተማሪው የምስጋና ምልክት ይደረድራል፤ የተፍኪው ልጅ ልብ ልኳል። እሱን አልቀየመውም። ምን አጠፋ? የጠየቁትን መለሰ።

ልጅቷ በማግስቱ ከፈረቃዋ በቀጥታ እኔ ጋ መጣች፤ የጥጥ ብናኝ ጸጉሯ ላይ እንዳለ። “እንኳን ደስ ያለሽ፣ አለፍሽ እኮ” ብዬ ልስማት ተነሳሁ። ሳመችኝ፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

“ድጋፍ ነው የሚለው፣ ሲስተር።”

“ተዪው፣ አነጋገር ነው።”

“አልተሰጠኝም እኮ። መልሼዋለሁ።”

ስልኳን አወጣችና ፈተናውን ከፈተች። ድምሩ ተቀይሯል፤ አልፈሻል ይላል። ወደ ታች ወረደች። ያቺ ጥያቄ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከመልሷ አጠገብ ቀዩ ኤክስ እንዳለ አለ። ከሥሩም አረንጓዴው፣ ትክክለኛው መልስ “ኤ ኤንድ ሲ” ነው ማለቱን አልተወም።

“ይሄስ?” አለችኝ።

“ድምሩን ብቻ ነው የቀየሩት።”

ስክሪኑን ትንሽ አየችው። “ለሚቀጥሉት ልጆችም ይሄው ነው የሚመጣው?”

“አይ፣ ያስተካክሉታል” አልኩ።

“አረጋግጠዋል?”

አላረጋገጥኩም ነበር። እዚያው ፊቷ ለኃላፊው ደወልኩና ስፒከር ላይ አደረግኩት። “ጥያቄው? እሱማ እንዳለ ነው፣ ሲስተር” አለኝ፣ እንደልማዱ በረጋ ድምፅ። “ነጥቡ ተሰጠ አይደል? ለሚቀጥለው ባች እንጠቀምበታለን። ቅሬታ የሚያቀርብ ካለ ያኔ ይታያል።” እንግዲህ ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሽማግሌ አንከራትቼ፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ኖሯል የሠራነው። ስልኩን ዘጋሁት።

እሷ ግን አልተናደደችም፣ ወይም ንዴቷ እንደኔ አፍ ላይ የሚወጣ አይደለም። ሻንጣዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። “ልምምድ የምጀምረው ሰኞ ነው። ነገ እረፍት ነኝ” አለች። “ቡራዩ ለመሄድ የት ነው ታክሲ የሚያዘው?”

“ምን ልታደርጊ?”

“ቅሬታ የሚያቀርብ ካለ ያኔ ይታያል አሉ አይደል?”

“አንቺ እኮ አልፈሻል። ቢቀየሙሽስ? ልምምዱን ቢያሰናክሉብሽስ?” አልኳት። ፈርቼላት ነው።

ሻንጣዋን ከፍታ እጇን ሰደደችና አዲስ የክብሪት ፓኮ አወጣች፤ ከፋብሪካው በር ላይ ካለችው ሱቅ ገዝታው ነው የመጣችው። ለካ ወደኔ ስትመጣ መልሱን ጠርጥራው ኖሯል።

“ዲኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አንድ ነገር ልጠይቃቸው ነው” አለችኝ። “ልጃቸው ቢወድቅ፣ ትክክለኛው መልስ የቱ እንደሆነ።”

በማግስቱ ጠዋት አየር ጤና ተገናኘን። ቀሚሷን ቀይራለች፣ ጸጉሯን ተሠርታለች፣ ክብሪቱን በእጇ ይዛዋለች። የታክሲው ሰልፍ እስከ መታጠፊያው ደርሶ ነበር፤ ከኋላ ገብተን ተሰለፍን።